የመንኰራኵር መንቀጥቀጥና የምንጩ ፍለጋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአዳራሽ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ አንድ የሳይንስ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ጠፈር መንኰራኵር ለመናገር ወሰንሁ። ነገር ግን መንኰራኵር ምን ያህል ሩቅ እንደ ሄደና ምን ያህል ገንዘብ እንደ ፈጀ ለመናገር አይደለም፤ ይህን ከጋዜጣም ከሬዲዮም ሰምታችኋል። የምናገረው በሰማይ ሲሄድ ስለሚይዘው አንድ ሕመም ነው። ሕመሙ መንቀጥቀጥ ነው፤ በትምህርት ቋንቋ ንዝረት እንለዋለን። ንዝረት ያደረሰውን ጉዳት ማየት ቀላል ነው፤ ከወዴት እንደ ተነሣ ማወቅ ግን ብልኆቹን መሐንዲሶች ሳይቀር ያስቸገረ ነገር ነው። ዘመኖቹን በኤሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ አቈጣጠር የምጠራው ሲኖር እነግራችኋለሁ።

ወሬውን ከሩቅ ከማምጣቴ በፊት ከዚሁ ግቢ ልጀምር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ በፊዚክስ ክፍላችን ካሉት 6 መስኮቶች የአንደኛው መስተዋት አንዳንድ ጊዜ ይንገጫገጭ ነበር። አንዳንዶቻችን ነፋስ ነው አልን፤ ሌሎቻችን በመንገዱ የሚያልፍ የጭነት መኪና ነው አልን፤ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ጓደኛችንማ ጋኔን ነው ብሎ አሳቀን። መምህራችን ክርክሩን ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ፥ «መቼ መቼ ነው የሚንገጫገጨው?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ዝም አልን። ስለ ምክንያቱ ያን ያህል ስንከራከር፥ ሰዓቱን ልብ ብሎ ያየ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

መምህራችን ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ወረቀት ለጠፉና መስተዋቱ በጮኸ ቍጥር ሰዓቱን እንድንጽፍ አዘዙን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ሲመረመር፥ መንገጫገጩ በገበያ ቀን የሚበረታ፥ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ የሚጀምርና በምሳ ሰዓት ቀጥ የሚል ሁኖ ተገኘ። ነፋስ የገበያ ቀን አያውቅም፤ ምሳም አይበላም። ከአጥሩ ወዲያ ግን አንድ ወፍጮ ቤት ነበረ። የወፍጮው ሞተር ሲነሣ መሬቱን፥ መሬቱ ግድግዳውን፥ ግድግዳው መስኮቱን ያንቀጠቅጥ ነበር።

እኛ ነገሩ አለቀ ብለን ደስ ሲለን፥ መምህራችን ሁለተኛ ጥያቄ ጨመሩ። «ወፍጮው 6ቱንም መስኮቶች ያንቀጠቅጣል፤ ታዲያ የሚጮኸው ስለ ምን አንዱ ብቻ ሆነ?» ሄደን ብናይ የዚያ መስኮት ስቱኮ ረግፎ መስተዋቱ ላልቶ ኖሯል። እንግዲህ በአንድ ንዝረት ውስጥ ሁለት ነገር አለ ማለት ነው፤ የሚያናውጥና የሚናወጥ። እኛ ስንከስስ የቈየነው የሚናወጠውን ነበር። ዛሬ ስለ መንኰራኵር የምናገረው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የመምህራችን ጥያቄዎች ብዙ አይርቅም።

ዥዋዥዌ የተጫወተ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ገመዱ የራሱ የሆነ መመላለሻ ጊዜ አለው፤ ብትቸኵሉበትም አይቸኵልም። በየመመላለሻው በትክክል ጊዜውን ጠብቆ የሚገፋ ትንሽ እጅ ትልቁን ሰው ከፍ አድርጎ ይወስደዋል፤ ጊዜውን ሳይጠብቅ የሚገፋ ጕልበተኛ ግን ራሱ ይደክማል። በጠፈር መንኰራኵርም ያለ ማናቸውም ክንፍ፥ ዘንግ፥ ቧንቧ እንዲሁ የየራሱ ቍጥር አለው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚወድ ማለት ነው። ይህን ቍጥር የተፈጥሮ ድግግሞሽ ይሉታል። ረጅምና ቀጭን ነገር ዝግ ብሎ ይወዛወዛል፤ አጭርና ደንዳና ነገር በፍጥነት ይርገበገባል።

በምድር ላይ የተወዛወዘ ነገር ቶሎ ያርፋል፤ አየሩ ይይዘዋል፥ መሬቱ ይደግፈዋል። በጠፈር አየር የለም፤ መደገፊያ መሬትም የለም። ክንፉ ወደ ግራ ሲወዛወዝ የመንኰራኵሩ አካል ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል። በዚህም ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ወደ ሰማይ ለማውጣት ብዙ ዋጋ ስለሚያስከፍል፥ ሁሉም ነገር ቀጭንና ቀላል ሁኖ ይሠራል፤ ቀጭን ነገር ደግሞ በጥቂቱ ይናወጣል።

የመጀመሪያውን ምሳሌ ከሮኬቱ ጕዞ ልውሰድ። አፖሎ 6 የተባለችው መንኰራኵር አፕሪል 4 ቀን 1968 ሰው ሳይሳፈርባት ተተኰሰች። ከተነሣች 2 ደቂቃ ያህል ሲሆናት ታላቁ ሳተርን 5 ሮኬት ከታች ወደ ላይ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል እየተንጠረጠረ ለ30 ሰከንድ ገደማ ተንቀጠቀጠ። አሜሪካኖች ይህን ዓይነት መንቀጥቀጥ ልጆች በሚዘሉበት የስፕሪንግ ዱላ ስም «ፖጎ» ይሉታል። ያን ቀን በውስጧ ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ መንቀጥቀጡ እጅግ ባስጨነቃቸው ነበር፤ ደግሞም የሚቀጥለው የሳተርን 5 ጕዞ ሰዎች የሚሳፈሩበት እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነበረ? ሞተሩ ነው እንዳይባል ሞተሩ እንደ ተለመደው ይነድ ነበር። የሮኬቱ አካል ደካማ ነው እንዳይባል አካሉም ደኅና ነበር። መልሱ «መቼ?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነበረ። ሮኬት ነዳጁን እያቃጠለ ሲሄድ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ክብደቱ በቀነሰ ቍጥር የአካሉ መወዛወዣ ቍጥር ይጨምራል። ፈሳሽ ኦክሲጅን ወደ ሞተሩ የሚወርድበት ቧንቧም የራሱ ቍጥር አለው። 2 ደቂቃ ገደማ ላይ እየጨመረ የመጣው የአካሉ ቍጥር ከቧንቧው ጋራ ተገጣጠመ። ከዚህም የተነሣ አካሉ ሲርገበገብ በቧንቧው ያለው ፈሳሽ ይገፋል፤ የፈሳሹ ግፊት ሲለዋወጥ የሞተሩ ኃይል ይለዋወጣል፤ የሞተሩ ኃይል ሲለዋወጥ አካሉ ይብስ ይርገበገባል። ክብ መንገድ ነው፤ በክብ ላይ መጀመሪያ የለምና ጥፋተኛው አንድ ብቻ አልነበረም። መድኀኒቱም ክቡን በአንድ ቦታ መቍረጥ ሆነ፤ በኦክሲጅኑ መስመር ላይ ባለው ቫልቭ ክፍተት ውስጥ ጥቂት ሂልየም የተባለ ጋዝ አስገቡ። ጋዙ እንደ ትራስ ሁኖ ግፊቱን ስለሚያለዝብ የቧንቧው ቍጥር ከአካሉ ቍጥር ተለየ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር አፖሎ 8 ሦስት ሰዎችን ይዛ ወደ ጨረቃ ስትሄድ የመጀመሪያው ክፍል ሮኬት በዚያ ሕመም አልተያዘም።

ነገር ግን አንዱን በር ዘጋን ሲሉ ሌላው ተከፈተ። በአፕሪል 1970 አፖሎ 13 ስትነሣ ያው ሕመም በሁለተኛው ክፍል ሮኬት፥ በመካከለኛው ሞተር ላይ፥ በሰከንድ 16 ጊዜ እየደጋገመ መጣ። ሞተሩም ከተወሰነለት ጊዜ 2 ደቂቃ ያህል ቀድሞ በራሱ ጠፋ። ስለ አፖሎ 13 የሚወራው ሁሉ በኋላ ስለ ፈነዳው የኦክሲጅን ጋን ነው፤ በመነሻው ላይ ሦስቱ ሰዎች ከሌላ አደጋ አጠገብ ማለፋቸውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ከሮኬት ወጥተን ጸጥ ወዳለው ሰማይ እንግባ፤ ሞተሮቹ ጠፍተዋል። ታዲያ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ምን ይንቀጠቀጣል? ብዙ ነገር አለ። መንኰራኵር በሰማይ ላይ ፊቱን የሚያዞረው በውስጡ በሚሽከረከሩ ከባድ መዘውሮች ነው፤ መዘውሩ ወደ አንድ ወገን ሲፈጥን አካሉ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። መዘውር ደግሞ ምንም ያህል ተጠንቅቆ ቢሠራ ክብደቱ በሁሉም ወገን ፍጹም እኩል አይሆንም። በሰከንድ 20 ጊዜ ከዞረ አካሉን በሰከንድ 20 ጊዜ ይነቀንቀዋል። ሙቀት መለኪያ ካሜራዎችን የሚያቀዘቅዙ ፓምፖችም ይመታሉ። ሰዎች በሚኖሩበት ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ደግሞ የሰው እግርም አንዱ ምንጭ ነው፤ ስለዚህ ጠፈርተኞቹ የሚሮጡበት መኪና ንዝረቱ ወደ ግድግዳ እንዳይተላለፍ ተደርጎ ተገጥሟል።

ተማሪዎች ይህን አንድ ዘዴ ደብተራችሁ ላይ ብትጽፉት ደስ ይለኛል፤ በፈተና ባይመጣም ይጠቅማል። አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ መዘውሩን ትጠረጥራላችሁ። እንግዲያው የመዘውሩን ፍጥነት ቀስ በቀስ ጨምሩ። የንዝረቱ ቍጥር ከመዘውሩ ጋራ አብሮ ከጨመረ፥ የሚያናውጠው መዘውሩ ነው። የንዝረቱ ቍጥር በአንድ ቦታ ቆሞ መጠኑ ብቻ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ግን፥ ያ ቍጥር የሚናወጠው አካል ቍጥር ነው። ሁለቱ በተገናኙበት ፍጥነት ላይ መስተዋቱ ይጮኻል፤ እዚያ ላይ ላለመቈየት መጠንቀቅ ይገባል። አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መኪናው አንድ የተወሰነ ፍጥነት ሲደርስ መስኮቱ ያጕረመርማል፥ ሲያልፍ ዝም ይላል።

ወደ ዋናው ታሪክ ደረስሁ፤ እርሱም ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። አፕሪል 24 ቀን 1990 ዲስከቨሪ በተባለችው መንኰራኵር ተጭኖ ወጣ። ርዝመቱ 13 ሜትር ከሁለት እጅ ሲሆን፥ የመስተዋቱ ስፋት 2 ሜትር ከ40 ነው። ለዚህ መሣሪያ የተሰጠው ትእዛዝ እጅግ የከበደ ነበር፤ አንድ ኮከብ ላይ ካነጣጠረ በኋላ ከአንድ ዲግሪ 3600ኛ እጅ ተከፍሎ፥ ከዚያም ከሺህ 7 እጅ በላይ እንዳይናወጥ ታዘዘ። ለወላጆች በቀላሉ ለመናገር፥ ከዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ቢሾፍቱ ከግማሽ መንገድ በላይ ሄደን፥ በ30 ኪሎሜትር ርቀት ላይ 1 ሚሊሜትር የሚሰፋ ነገር አስቀምጠን፥ ጣታችንን ሳናንቀጠቅጥ በእርሱ ላይ ማነጣጠር ማለት ነው።

ሀብል በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሁለት ችግር ታየ። የመጀመሪያው በዓለም ሁሉ የተወራው የመስተዋቱ ስሕተት ነው፤ ጠርዙ ከሚገባው በላይ ከሚሊሜትር ሺኛ 2 እጅ ያህል ስለ ተፋቀ ሥዕሉ ደብዝዞ ወጣ። ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ በመምጣታቸው አንዱን የሌላው ልጅ ነው ማለት ቀላል ነበር። የመስተዋቱ ስሕተት ግን ቀንም ሌሊትም አይለወጥም። መንቀጥቀጡ ይመጣል፥ ይሄዳል።

ይመጣል፤ መቼ? በቴሌስኮፑ ውስጥ ጃይሮስኮፕ የተባሉ፥ የጥቂቱን መዞር እንኳ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች አሉ። የእነርሱ መዝገብ ከሰዓት ጋራ ሲተያይ መንቀጥቀጡ የሚበረታው ቴሌስኮፑ ከምድር ጥላ ወደ ፀሐይ ብርሃን ሲወጣና ከብርሃን ተመልሶ ወደ ጥላ ሲገባ ሁኖ ተገኘ። ሀብል ምድርን በ95 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ በእኛ አንድ ቀን ውስጥ 15 ጊዜ ያህል ፀሐይ ይወጣለታል፥ 15 ጊዜ ያህል ይጠልቅበታል። 30 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል ማለት ነው፤ በየጊዜውም እስኪያርፍ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ አንዳንድ ጊዜም የያዘውን መሪ ኮከብ ያስለቅቀው ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ቍጥሩ ነው። ከንዝረቶቹ አንደኛው በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመላለስ፥ ሌላው በ10 ሰከንድ 6 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ነበር። መዘውር እንዲህ ዝግ ብሎ አይነቀንቅም፤ የቴሌስኮፑም አካል ደንዳና ስለ ሆነ እንዲህ አይወዛወዝም። በሀብል ላይ እንዲህ ሊወዛወዝ የሚችል ረጅምና ቀጭን ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ከግራና ከቀኝ የተዘረጉት የፀሐይ ኃይል የሚቀበሉ ሁለት ክንፎች። እነዚህ ክንፎች የኤሮፓ የጠፈር ድርጅት ስጦታ ነበሩ። እንደ ሰሌን ተጠቅልለው ወጥተው በሰማይ ላይ ተዘረጉ፤ የሚወጥራቸውም ከቀጭን የብረት ሉህ እንደ ቱቦ የተጠቀለለ ዘንግ ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆች ከመሐንዲሶቹ ይልቅ ነገሩን ሳያውቁት አይቀርም። በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው፥ ፀሐይ ድንገት በደመና ስትሸፈን፥ ወይም ማታ ጣራው ሲቀዘቅዝ፥ «ቋ! ቋ!» የሚል ድምፅ ሰምቷል። እኔ በልጅነቴ ድመት ይመስለኝ ነበር። ድመት አይደለም፤ ቆርቆሮው ሲሞቅ ይለጠጣል፥ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ ሚስማሩ ግን ይዞታል። ሲይዘው፥ ሲይዘው ቈይቶ ድንገት ያመልጠዋል። በሀብልም ዘንግ ላይ የሆነው ይህ ነው። ከጥላ ሲወጣ ፀሐይ የምትመታው ወገን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሲግል ጀርባው ቀዝቅዞ ይቀራል፤ የጋለው ወገን ይረዝማል፥ ዘንጉም ይጐብጣል። ቀስ ብሎ ቢጐብጥ ግድ አልነበረም፤ የሚጐብጠው ግን በፍጥነት ነበረ። ደግሞም ተደራርበው የተጠቀለሉት ብረቶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቈይተው ድንገት ይንሸራተቱ ነበር። የዘንጉ መጕበጥ ክንፉን፥ ክንፉም 11 ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ቴሌስኮፕ ያናውጥ ነበር። ክንፉ እንደ ክፍላችን መስተዋት የሚናወጥ ነው፤ ወፍጮው ግን ፀሐይ ነበረች።

ይህ ሁሉ በምድር ሳለ ስለ ምን አልታየም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የሚገባ ጥያቄ ነው። እነዚያ ክንፎች ክብደት ለሌለበት ቦታ የተሠሩ ስለሆኑ በምድር ላይ የራሳቸውን ክብደት እንኳ መሸከም አይችሉም፤ ተደግፈው ሲዘረጉ ደግሞ ደጋፊው ያሳርፋቸዋል። በእኔ አስተያየት መሐንዲሶቹን ሰነፎች ማለት አይገባም፤ ሆኖም ቀጭን ዘንግ በፀሐይ እንደሚናወጥ ከዚያ በፊት በሌሎች መንኰራኵሮች ላይ ታይቶ ነበርና ይበልጥ ሊጠረጥሩት ይገባ ነበር።

መድኀኒቱ በሦስት ጊዜ ተሰጠ። አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተሩ አዲስ ትእዛዝ ከምድር ተልኮ፥ መዘውሮቹ የክንፉን ውዝዋዜ የሚያበርዱበት መንገድ ተሻሻለ። በዲሴምበር 1993 ኢንዴቨር በተባለችው መንኰራኵር የሄዱት ጠፈርተኞች መስተዋቱን ባረሙበት ጕዞ ክንፎቹንም ለወጡ፤ የአዲሶቹ ዘንጎች እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚተጣጠፍ ልባስ ስለ ለበሱ ሙቀቱ በሁሉም ወገን ተቀራረበ። ከአሮጌዎቹ አንደኛው ዘንጉ ተጣሞ ለመጠቅለል እንቢ ስላለ ካትሪን ቶርንተን የተባለችው ጠፈርተኛ በእጇ ይዛ ወደ ባዶው ጠፈር ለቀቀችው። በማርች 2002 ደግሞ ሦስተኛዎቹ ክንፎች ተተከሉ፤ እነዚህ የማይጠቀለሉ፥ ደንዳናና ከቀድሞዎቹ በአንድ ሦስተኛ ያነሱ ናቸው። አስቀድመውም በሆላንድ አገር በኖርድዋይክ በታላቅ ባዶ ክፍል ውስጥ፥ ሰው ሠራሽ ፀሐይ እየበራባቸውና እየጠፋባቸው ተፈትነዋል።

ምንጩ ሁልጊዜ ብረት ወይም ፀሐይ አይደለም። ጃንዋሪ 14 ቀን 2009 የጠፈር ጣቢያውን ከፍ ለማድረግ ሞተሮች ተለኵሰው ሳለ ጣቢያው በሙሉ ከ2 ደቂቃ በላይ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ሞተሩም አካሉም ጤነኞች ነበሩ፤ ስሕተቱ የሞተሩን አፍ ለሚያቃናው መሣሪያ በተሰጡት ቍጥሮች ውስጥ ነበረ። አቃናለሁ እያለ፥ ልክ ዥዋዥዌውን በጊዜው እንደሚገፋ እጅ፥ ውዝዋዜውን ይመግበው ነበር።

ለአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትአርኤስኤስ 1 የተባለችው 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ወደ ሰማይ ወጥታለች። ሥራዋ መሬታችንን ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር፤ ካሜራ የያዘ እጅ ከተንቀጠቀጠ ፎቶግራፉ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የብረት መጋዝ ስለት ታስሯል፤ ርዝመቱን እያሳጠራችሁ በ10 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቍጠሩ። ከአጠገቡ ያለው ክራር ሁለት ጅማቶቹ በአንድ ድምፅ ተቃኝተዋል፤ በአንደኛው ላይ የታጠፈች ትንሽ ወረቀት አስቀምጡና ሌላውን ምቱ። ከዚያም ቅኝቱን ጥቂት አላልታችሁ እንደ ገና ምቱት፤ ወረቀቷ ምን እንደምታደርግ ጻፉ። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች እባካችሁ መጀመሪያ ትንንሾቹን አሳልፉ።